ስለ ሥራ ውልና ሕጉ ስለሚጠይቀው ነገር

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታችንን ስንፈጽም ሁላችንም ዩኒቨርሲቲ የምንገባ አይደለንም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር፣ አንዳንዶቹም ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ ሄደው ይቀጠራሉ። ስለዚህ ሰው ሲቀጠር ሕግ ምን እንደሚጠይቅ ለአንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ አሰብሁ።

በአገራችን ሠራተኛን በጽሑፍ መቅጠር ብዙ የተለመደ አይደለም። በእስቴ ገበሬ እረኛ ሲቀጥር የዓመቱን እህልና ልብስ በቃል ይነጋገራል፤ ሽማግሌ ወይም ዋስ ይሰማል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። መንግሥት ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ፣ ዛሬ የሚሠራበት በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው።

በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል ተደረገ የሚባለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው አመራር ሥር ለመሥራት ሲስማማ ነው። ውሉም የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን ልክና አከፋፈል፣ ውሉ የሚቆይበትንም ጊዜ በግልጽ ማመልከት አለበት።

«የተወራ ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል» ይባላል። በዚህ ሕግ ፊት ግን የተወራውም አይረሳም፤ የቃል ውል ይጸናልና። ይሁን እንጂ በቃል የቀጠረ አሠሪ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት ግዴታው ነው። ሠራተኛውም ወረቀቱን በተቀበለ በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ የተጻፈው ሁሉ እንደ ውል ይቆጠርበታል። ስለዚህ ሳያነቡ አጥፎ ኪስ መክተት አደጋ አለው።

ወረቀቱ ጨርሶ ባይሰጥስ? አንድ የጎረቤታችን ልጅ በአንድ ከተማ ሱቅ አምስት ወር አገልግሎ የሁለት ወር ደመወዙን ሲጠይቅ፣ ባለሱቁ «ከአንተ ጋር የተፈራረምሁት ነገር የለም» ብሎ ባዶ እጁን ሰደደው። ልጁም እውነት መስሎት ወደ አገሩ ተመለሰ። ሕጉ ግን የጽሑፍ አለመኖር የሠራተኛውን መብት እንደማያስቀር ይናገራል። ፊርማ ባይኖርም በምስክር ማስረዳት ይችል ነበር። ግን የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ እርሱም ይህን የሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

በጽሑፍ ካልሆነ የማይጸና አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሙከራ ጊዜ ነው። ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። አሠሪ በአፉ ብቻ «ሦስት ወር ልሞክርህ» ቢል ሕግ አይደግፈውም። ለሙከራ የገባ ሰው በነጻ ይሠራል ማለትም ስሕተት ነው፤ እንደ ሌላው ሠራተኛ መብት አለውና።

ለታናናሾቻችን ደግሞ፦ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም።

እኔን የሚያሳዝነኝ አዋጁ የቤት ሠራተኞችን አለማካተቱ ነው። ከወረዳችን ወጥተው በሰው ቤት የሚያገለግሉት እኅቶቻችን ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። አዋጁ የሥራቸውን ሁኔታ የሚወስን ደንብ እንዲወጣ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ትቶታል። እነርሱን የሚመለከተው ያው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ አሠሪው አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ በመኖሪያዋ፣ በምግቧና በዕረፍቷ ጤናዋን እንዲጠብቅ ያዝዛል። ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር የምትሄደዋ ግን በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ውሏ በጽሑፍ ሆኖ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መጽደቅ አለበት። ባሕር ዳር የምትቀጠረዋ እኅቷ እንዲህ ያለ ወረቀት የላትም።