የጠገበ ሕፃን ለምን አያድግም?

በአንድ የገጠር ጣቢያችን እናቶችን ሰብስበን ስለ ምግብ ስናስተምር ሁሉም ጥያቄያችንን በሚገባ ይመልሱልን ነበር። ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያሉ ሦስቱን የምግብ ክፍሎች በቃላቸው ይዘዋል። እኛም ሥራችን የተፈጸመ መስሎን ደስ ብሎን ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤት ለቤት ስንዞር ግን የአሥር ወር ሕፃን አሁንም ውሃ የመሰለ አጥሚት ሲጠጣ አገኘን። በደጁ ዶሮዎች ይጭራሉ። ስለ እንቁላሉ ብንጠይቅ እናቲቱ፦ «ለቅዳሜ ገበያ ነው፤ አባቱን ሳልጠይቅ አልነካውም» አለችን። ያን ቀን የተማርነው እኛ ነን።

የማይታይ ረሃብ

በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች የሆነው፣ ማለትም የቀነጨሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ያህል ነበሩ። በ2019 ወደ 37 ዝቅ ብለዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ ማለት ነው። የቀነጨረ ሕፃን ሲያለቅስና ሲጫወት ስለምናየው የተራበ አይመስለንም። ጉዳቱ ግን በቁመት ብቻ አይቆምም፤ የአእምሮ እድገትንና የትምህርት ችሎታን ይነካል፣ በሽታን የመቋቋም ኃይልንም ይቀንሳል። ይህ የሚወሰነው በአመዛኙ ከጽንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ባሉት 1000 ቀናት ውስጥ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የጠፋውን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

አጥሚቱ ምን ጎደለው?

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውሃም አያስፈልግም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ብርጭቆ ብዙ አይይዝም። ያንን ትንሽ ቦታ በቀጭን አጥሚት ብንሞላው አብዛኛው ውሃ ነው። ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፤ ሰውነቱ ግን ይራባል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

1. ገንፎው ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይንጠባጠብ ወፍራም ይሁን።

2. እህል ብቻውን አይበቃም። ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር፣ ለምሳሌ ገብስ ወይም ስንዴ ከሽምብራ ጋር፣ ቆልቶና አስፈጭቶ ማዘጋጀት ይቻላል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረው ፋፋም የተመሠረተው እህልንና ጥራጥሬን በማደባለቅ ላይ ነው።

3. በገንፎው ላይ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ጎመን፣ ካሮት ወይም ዱባ ይጨመር። እነዚህ አትክልቶች ዓይንን ከዳፍንት ይከላከላሉ። እንቁላል ሲገኝ ይጨመርበት።

4. ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይመገብ። ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

5. ለሕፃኑ የራሱ ሳህን ይኑረው። ከታላላቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ቢቀርብ ድርሻውን ይቀድሙታል።

6. ምግቡን የምታዘጋጀውም የሚበላውም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ተቅማጥ የበላውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋልና።

ገበታው የማን ነው?

በብዙ ቤት አባትና እንግዳ አስቀድመው ይበላሉ፤ እናትና ልጆች የተረፈውን ይካፈላሉ። ነፍሰ ጡሯም «ሕፃኑ ገዝፎ ምጥ እንዳይከብድሽ» ተብላ ምግብ ትቀንሳለች። ይህ ምክር ይጎዳታል፤ በዚያ ወቅት የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ምግብ ነው። እንግዲህ እናቶችን ብቻ ሰብስቦ ማስተማር፣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ያለውን ጎተራ ክፈቺ እንደ ማለት ነው። አባቶችና አያቶችም ይጠሩ። እንቁላል ፈጽሞ አይሸጥ አንልም፤ ጨውና ሳሙና የሚገዛው በእርሱ ነው። ነገር ግን ከሚጠራቀመው ጥቂቱ ለሕፃኑ እንዲቀር አባት በራሱ አፍ ይፍቀድ።

ጎተራው ባዶ በሆነበት ቤት ግን ትምህርት እህልን አይተካም። በሠራተኞቻችን መለኪያ የሕፃኑ ክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ምክር ሳይበዛ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ለመወያያ

1. በአካባቢያችን ለገበያ የሚወጣ፣ ሕፃናት ግን የማይቀምሱት ምግብ የትኛው ነው?

2. በቤታችን አስቀድሞ የሚበላ ማን ነው? በመጨረሻስ?

3. ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ገንፎውን በአንድ ድስት ሠርተን ለማሳየት ማን ዱቄት፣ ማን ጎመን፣ ማን እንቁላል ያመጣል? አባቶችንስ ማን ይጋብዛል?