በፒክ አፕ መኪና ላይ ያለው ፍጥነት ጠባቂ እንቢ ሲል ምክንያቱ እንዴት እንደሚመረመር

በሬ አልጐትት ሲል ገበሬው ወዲያው ሌላ በሬ አይገዛም። አስቀድሞ ሰኰናውን አንሥቶ ያያል፤ ጫንቃውን ዳስሶ ቀንበሩ ልጦት እንደ ሆነ ይመረምራል። የመንግሥት መኪናም ሲታመም እንደዚሁ ሊደረግለት ይገባል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ገንዘቡን ያጠፋል፤ ሕመሙ ግን በቦታው ይቀራል።

በዛሬ ዘመን በሚሠሩት በብዙዎቹ ፒክ አፕ መኪናዎች ላይ ክሩዝ ኮንትሮል የሚባል መሣሪያ አለ። ሥራው፣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቢያነሣም፣ የመረጠውን ፍጥነት መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ፍጥነት ጠባቂ ቢባል ይስማማዋል። የብልሃቱ መሠረት አዲስ አይደለም። የናፍጣ ወፍጮ ሲሠራ የተመለከተ ሰው ሁሉ አይቶታል። እህሉ በርከት ብሎ ሲገባ ሞተሩ ይከብደዋል፤ ድምፁም ዝቅ ይላል፤ ወዲያው ግን መቈጣጠሪያው ናፍጣ ይጨምርለትና ወደ ቀድሞው ዙሩ ይመለሳል። ጄምስ ዋት የተባለው የእስኮትላንድ ሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1788 ዓ.ም. በእንፋሎት ሞተር ላይ ያደረገው የዙር መቈጣጠሪያ የዚህ ዐይነት ነበር። ለመኪና የሚሆነውን ደግሞ ራልፍ ቲተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ፈለሰፈው፤ በ1950 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ በ1958 ዓ.ም. የክራይስለር ኩባንያ በመኪናዎቹ ላይ አደረገው። ቲተር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዐይነ ስውር ነበረ።

በቀድሞዎቹ መኪናዎች ይህ መሣሪያ ነዳጅ መስጫውን በገመድ ይስብ ነበር። በአዲሶቹ ግን ሥራውን የሚያዝዘው የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩም እንደ ዳኛ የምስክሮችን ቃል ሰምቶ ይፈርዳል። የመጀመሪያው ምስክር በመሪው ላይ ያለው ቁልፍ ነው፤ ነጂው የፈቀደውን ይናገራል። ሁለተኛው የፍጥነት መለኪያው ነው፤ መኪናው ስንት እንደሚሄድ ይናገራል። ሦስተኛው በፍሬኑ ፔዳል ላይ ያለው ማብሪያ፣ ካምቢዮው በእጅ የሚለወጥ ከሆነም በፍሪሲዮኑ ላይ ያለው ነው፤ እነዚህ ነጂው እግሩን እንዳሳረፈና እንዳላሳረፈ ይናገራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዝም ቢል ወይም ቃሉ ቢዛባ፣ ኮምፒዩተሩ ለሰው ሕይወት ሲል ሥራውን ይከለክላል። እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ፍጥነት ጠባቂው እንቢ ሲል ብዙ ጊዜ የታመመው እርሱ አይደለም፤ የሌላውን ሕመም እየተናገረ ነው።

የዚህ ነገር ክብደት በምሳሌ ይታያል። በሐዲያ ዞን የአና ለሞ ወረዳ መኪና ከሆሳዕና የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኖ ወደ ፎንቆ ሲመለስ፣ ፍጥነት ጠባቂው አልይዝ ቢል፣ ነጂው «ይህ የምቾት ዕቃ ነው፤ ቢቀርም ግድ የለም» ብሎ ይተወው ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያው እንቢ ያለው የፍሬኑ ማብሪያ ስለ ተበላሸ ከሆነ፣ የኋላው ቀይ መብራትም ላይበራ ይችላል። ከብት መንገዱን ሲያቋርጥ ነጂው ፍሬን ቢይዝ፣ በጭጋግ ውስጥ ከኋላው የሚመጣው የጭነት መኪና ማቆሙን አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፣ መሣሪያው የገለጠውን በሽታ ነጂው መደበቅ የለበትም።

ምርመራው ገንዘብ ከማይጠይቀው ተጀምሮ ወደሚጠይቀው ይሄዳል።

አንደኛ፤ በእርግጥ ብልሽት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በብዙ መኪና ፍጥነት ጠባቂው በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች አይያዝም። ጭነት በዝቶ በዳገት ላይ ፍጥነቱ ከተመረጠው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል፣ በብዙ መኪና መሣሪያው በራሱ ይለቃል። ይህ ሕጉ ነው እንጂ ሕመም አይደለም። ሙከራውም ቀጥ ባለ፣ ደረቅና ሰው በሌለበት አስፋልት ላይ ብቻ ይደረግ፤ በዝናብ፣ በጠጠር መንገድና ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው በበዛበት ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛ፤ የፍሬኑን መብራት ማየት ነው። መኪናው በቆመበት ቁልፉ ተከፍቶ፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይመልከት። ፔዳሉ በቀስታ ሲነካ መብራቶቹ ሁሉ ሊበሩ፣ ሲለቀቅም ወዲያው ሊጠፉ ይገባል። የማይበሩ ከሆነ ፊውዙ ወይም አምፖሎቹ ተቃጥለዋል፤ ወይም ማብሪያው ተበላሽቷል። የማይጠፉ ከሆነ ማብሪያው ተጣብቋል ወይም ከቦታው ፈቀቅ ብሏል፤ አንዳንድ ጊዜም በፔዳሉና በማብሪያው መካከል ያለው ትንሽ ላስቲክ አርጅቶ ወድቋል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ነጂው ዘወትር ፍሬን እንደ ያዘ ይቈጥረዋል። በማብሪያው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት መገናኛ ስላለ፣ መብራቱ ደኅና ሆኖ ለኮምፒዩተሩ የሚናገረው ብቻ ሊበላሽ ይችላል፤ ይህን መካኒኩ በቴስተር ይለየዋል።

ሦስተኛ፤ በመሪው ላይ ያለውን ቁልፍ መሞከር ነው። ዋናው ቁልፍ ሲጫን በዳሽቦርዱ ላይ ምልክቱ ከበራ፣ የኤሌክትሪኩ መንገድ እስከዚያ ድረስ ደኅና ነው። ካልበራ ፊውዙ ይታይ። ክላክሱም አብሮ ዝም ካለ፣ የኤር ባግም ምልክት ከበራ፣ በመሪው ሥር ተጠምጥሞ የሚዞረው ሽቦ መበጠሱ ያስጠረጥራል። ኤር ባግ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ስለ ሆነ፣ ባትሪው ተነቅሎ በተማረ መካኒክ እጅ ካልሆነ በቀር መሪው አይከፈትም።

አራተኛ፤ የፍጥነቱን መለኪያ መመልከት ነው። መርፌው የሚዘል ወይም የሚወድቅ ከሆነ፣ ፍጥነት ቈጣሪው ወይም ሽቦው ተበላሽቷል። በክረምት ጭቃ በጎማው አጠገብ ባሉት ቈጣሪዎች ላይ ይጋገራል፤ እህልና ዘር በሚጫንበት መኪና ደግሞ አይጥ ገብታ ሽቦ ትቈርጣለች። ስለዚህ አስቀድሞ ይታጠብ፤ ከዚያም ሽቦው በዐይን ይታይ። አራቱም ጎማዎች መጠናቸው አንድ መሆኑም አይዘንጋ።

አምስተኛ፤ የሞተር ወይም የፍሬን ማስጠንቀቂያ ምልክት በርቶ እንደ ሆነ፣ በዳሽቦርዱ ሥር ባለው መሰኪያ የኮምፒዩተሩ መዝገብ ይነበብ። ፒ 0571 የሚለው ቍጥር የፍሬኑን ማብሪያ፣ ፒ 0504 የማብሪያውን ሁለት መገናኛዎች አለመስማማት፣ ፒ 0500 የፍጥነቱን ቈጣሪ ያመለክታል። ቍጥሩ የሚመረመረውን ቦታ ያሳያል እንጂ ዕቃው ይለወጥ ብሎ አያዝዝም፤ የተበጠሰ ሽቦም ያንኑ ቍጥር ያስጽፋል።

አንድ ክፉ ልማድ በብርቱ ሊከለከል ይገባል። አንዳንድ ሰው መሣሪያው እንዲሠራለት ብሎ የማብሪያውን ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ያገናኛል። እንዲህ የተደረገ መኪና ነጂው ፍሬን ቢይዝም ፍጥነት ጠባቂው ነዳጁን ላይለቅ ይችላል። ይህ ጥገና ሳይሆን ምስክርን በሐሰት ማስመስከር ነው።

የየወረዳው ሹም የዕቃ መግዣ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ነጂውን እነዚህን ይጠይቀው፤ መሣሪያው ከመጀመሪያው አልያዘም ወይስ ይዞ ለቀቀ? በስንት ፍጥነትና በምን መንገድ? የትኛው ምልክት በራ? የፍሬኑ መብራት ታይቷልን? የኮምፒዩተሩ ቍጥር ምንድር ነው? መልሱም ተጽፎ ከመኪናው መዝገብ ጋር ይቀመጥ። የፍሬኑ መብራት ተበላሽቶ ከተገኘ ግን መኪናው እስኪጠገን ድረስ ከግቢ አይውጣ። ክትባቱ በሌላ መኪና ሊላክ ይችላል፤ በመንገድ ላይ የጠፋ ሕይወት ግን ምትክ የለውም።