ከተልሳ እስከ ሆልብሩክ፦ ለጥንዶች የሚሆን የሩት 66 ጉዞ

ሩት 66 ከቺካጎ ተነሥቶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ሞኒካ የሚደርስ፣ ስምንት ክፍለ ግዛቶችን የሚያቋርጥ የአሜሪካ አሮጌ መንገድ ነው። የተቋቋመው በ1926 ነው (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሰፋፊዎቹ አዳዲስ ጎዳናዎች ተጓዡን ሲወስዱበት በ1985 ከአገሪቱ የአውራ ጎዳናዎች ዝርዝር ወጣ። ሙሉው ርዝመቱ ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን ሁሉ በአንድ የዕረፍት ሳምንት ለመጨረስ የሚነሡ ሰዎች መሪ ጨብጠው ውለው መሪ ጨብጠው ያመሻሉ። ለሁለት ሰው የምመክረው ከኦክላሆማዋ ተልሳ እስከ አሪዞናዋ ሆልብሩክ ያለውን 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ቀን ከመደባችሁለት ሳትቸኩሉ ትጨርሱታላችሁ።

ይህን ክፍል የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። እዚህ መንገድ ዳር ከቆሙት አስገራሚ ነገሮች ብዙዎቹ መንግሥት ወይም ትልቅ ድርጅት ያቆማቸው አይደሉም። ግለሰቦች በራሳቸው ሐሳብና ገንዘብ የሠሯቸው ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ደግሞ ወንድ ለሚወዳት ሴት የሰጣቸው ስጦታዎች ናቸው።

አንደኛው ከተልሳ ትንሽ ወጣ ብላ በምትገኘው ካቱሳ ያለው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ነው። ሂው ዴቪስ የሚባል በእንስሳት ጥበቃ ሥራ የኖረ ሰው ነበር። ባለቤቱ ዜልታ ትንንሽ የዓሣ ነባሪ ቅርጾችን ትሰበስብ ስለነበር፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለጋብቻ በዓላቸው ስጦታ እንዲሆናት ብሎ ከብረትና ከሲሚንቶ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዓሣ ነባሪ ኩሬያቸው ላይ ሠራላት። መጀመሪያ የቤተሰብ መዋኛ ነበር። የአካባቢው ሰው እየመጣ መዋኘት ሲጀምር ግን በሩን ለሁሉም ከፈቱት። ዛሬ መዋኘት ክልክል ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። በተከፈተው አፉ ገብታችሁ በሆዱ በኩል ወደ ጅራቱ ስትሄዱ፣ ልጆች ወደ ውኃው ይንሸራተቱበት የነበረውን መንሸራተቻና ይዘሉበት የነበረውን መድረክ ታገኛላችሁ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደግሞ ክብ መስኮቶች ያሉት ትንሽ ቆጥ አለ። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂዱ፤ አንድ ሰዓትም ስጡት። ከጉዞው ሁሉ እኔ አንደኛ የማደርገው ይህን ነው።

ከተልሳ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ስትነዱ ስልካችሁ የክፍያውን መንገድ ይመርጥላችኋል። የክፍያ መንገዶችን እንዲያልፍ እዘዙትና በአሮጌው መንገድ ሂዱ፤ ትንሽ ቢያዘገይም የምትፈልጉት ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። አርካዲያ ስትደርሱ በ1898 የተሠራ ክብ ጎተራ ታያላችሁ። ጣሪያው በ1988 ተደርምሶ ነበር፤ በጡረታ ላይ የነበረ አንድ አናጢ ጎረቤቶቹን አስተባብሮ መልሶ አቆመው። ወደ ላይ ቀና ብላችሁ ጣውላዎቹ እንዴት እንደታጠፉ ተመልከቱ። ከዚያ ብዙ ሳትርቁ 66 ጫማ ከፍታ ያለው የለስላሳ ጠርሙስ ቆሟል። እሱ በ2007 የመጣ አዲስ ነገር ስለሆነ ቤንዚን ለመቅዳት ካልሆነ ብዙ አትቆዩበት።

ቴክሳስ ከገባችሁ በኋላ ግሩም በምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ አንድ የውኃ ታንከር ሊወድቅ እንዳለ አዘንብሎ ቆሟል። አይወድቅም፤ ባለቤቱ ሆን ብሎ ያዘነበለው ሾፌሮች ደንግጠው እንዲቆሙና ወደ ማረፊያ ቤቱ እንዲገቡ ነበር። መኪና ውስጥ ሆናችሁ ብታዩት ይበቃል።

ከአማሪሎ በስተ ምዕራብ ያለው ካዲላክ ራንች ግን ጊዜ ይፈልጋል። በ1974 አንት ፋርም የተባለ የአርቲስቶች ቡድን፣ የአካባቢው ባለሀብት ስታንሊ ማርሽ ገንዘቡን ችሎ፣ አሥር ካዲላኮችን በአፍንጫቸው መሬት ውስጥ ተከላቸው። ከ1949 እስከ 1963 ያሉ ሞዴሎች ስለሆኑ በተርታ ስታዩአቸው የመኪናው የኋላ ክንፍ እያደገ መጥቶ ሲያንስ ይታያችኋል። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ በ1997 ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተዛውረዋል። ጎብኚው ቀለም እንዲረጭባቸው ተፈቅዷል። በዓመታት ርጭት ቀለሙ በጣም ከመወፈሩ የተነሣ ብረቱ ጠፍቷል፤ የተሰነጠቀ ቁራጭ ከጎኑ ብታዩት ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ እየተደራረበ እንደ እንጀራ ቁልል ተነባብሯል። ስማችሁን አብራችሁ ጻፉ፤ ነገ ሌላ ሰው ይሸፍነዋልና ፎቶውን ወዲያው አንሡ። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ከነፋሱ በኩል ቆማችሁ ርጩ፣ አሮጌ ልብስና ጫማ ልበሱ፤ ዝናብ ከጣለ ሜዳው ጭቃ ነው። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ መሬት ላይ ጥሎ መሄድ ግን ነውር ነው፤ ይዛችሁ ውጡ።

አማሪሎ ውስጥ ሁለት ኪሎ የሚሆን ስቴክ ከነድንቹና ከነሰላጣው በአንድ ሰዓት ለጨረሰ በነጻ የሚሰጥ ዝነኛ ምግብ ቤት አለ። ሲሞክሩ ማየቱ ይበቃል፤ እናንተ ተካፍላችሁ ተራውን እዘዙ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ከኦክላሆማ ሲቲ ሳትወጡ ስንቃችሁን ያዙ። በእነዚህ ትንንሽ ከተሞች ቦሎቄው እንኳ ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ወይም በስቡ ስለሚበስል፣ ጾመኛም ሙስሊምም ሳይጠይቅ አይዘዝ። ዳቦ ቆሎና በሶ መኪና ውስጥ ካለ አትቸገሩም።

ኤድሪያን ላይ ከቺካጎም ከሎስ አንጀለስም እኩል 1,139 ማይል መሆኑን የሚገልጽ ምልክት አለ። ፎቶ ተነሡና እለፉ። ኒው ሜክሲኮ ስትገቡ ሰዓታችሁን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ።

የኒው ሜክሲኮዋ ቱከምካሪ የሁለተኛው ስጦታ አገር ናት። ብሉ ስዋሎው የተባለው ሞቴል የተሠራው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1958 ፍሎይድ ሬድማን ሊሊያን የምትባል እጮኛውን ሲያጭ በስጦታ የሰጣት ይህንን ሞቴል ነበር። ሊሊያን ለአርባ ዓመት ገደማ እንግዳ ተቀበለችበት። አዲሱ ጎዳና ከተማዋን ሲያልፋትና እንግዳው ሲቀንስ እንኳ አልተወችውም። እያንዳንዱ ክፍል ከጎኑ የራሱ ትንሽ የመኪና ማቆሚያ አለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቡና ክፍላችሁ በር ላይ ተቀመጡ፤ ሲመሽ ሞቴሉ የተሰየመባት ወፍ ምልክት በሰማያዊና በሮዝ ኒዮን ይበራል፣ እንግዶችም ወጥተው ያወጋሉ። በመንገዱ ሁሉ ከሌላ ተጓዥ ጋር ለመተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም።

አልበከርኪ ላይ አስተናጋጁ “ቀይ ወይስ አረንጓዴ?” ካላችሁ የሚጠይቀው ስለ ቃሪያው ዓይነት ነው። ያቃጥላል፤ ለእኛ ምላስ ግን ይስማማል።

አሪዞና ውስጥ፣ ከሆልብሩክ በፊት፣ የፔትሪፋይድ ፎረስት ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። አሮጌው ሩት 66 ያልፍበት በነበረው ቦታ የ1932 ስቱድቤከር መኪና ዝጎ ቆሟል። ፓርኩ መግቢያ ያስከፍላል። መሬት ላይ የተጋደሙት ግንዶች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ናቸው። ቁራጭ መውሰድ በሕግ ያስቀጣል። ሰርቀው የወሰዱ ሰዎች እየተጸጸቱ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ይመልሳሉ፤ ነገር ግን የትኛው ድንጋይ ከየት እንደተነሣ ስለማይታወቅ ወደ ቦታው ሊመለስ አይችልም።

ሆልብሩክ ላይ የምታድሩት በሲሚንቶ ድንኳን ውስጥ ነው። ቼስተር ሉዊስ በ1950 የሠራው ዊግዋም ሞቴል አሥራ አምስት ሾጣጣ ድንኳን መሰል ክፍሎች አሉት፤ በየደጃፉም የድሮ መኪኖች ቆመዋል። ሉዊስ ንድፉን ያየው ኬንታኪ ነው። ለባለ ንድፉ የከፈለው ደግሞ በየክፍሉ አሥር ሳንቲም ሲገባበት ለግማሽ ሰዓት የሚጫወት ሬዲዮ አስቀምጦ ሳንቲሙን በመላክ ነበር። ቤቱ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ፣ እሱ ሲሞት ባለቤቱና ልጆቹ አድሰው ከፈቱት። እንዲህ ያለ ድንኳን የሜዳማው አገር ነባር ሕዝቦች ቤት እንጂ በአካባቢው የሚኖሩት የናቫሆና የሆፒ ሕዝቦች ቤት አለመሆኑን ግን እወቁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ትልቁን ሻንጣ መኪና ውስጥ ተዉት።

ለጉዞው ከሁሉ የሚሻለው መስከረምና ጥቅምት ነው (ወሮቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። በሚያዝያና በግንቦት ኦክላሆማና ቴክሳስ የአውሎ ነፋስ ወቅት ላይ ናቸው። መስከረም መጨረሻ ላይ አልበከርኪ ውስጥ የፊኛ በዓል ስለሚከበር አልጋ ይጠፋል። መኪና ስትከራዩ ሌላ ከተማ ላይ ለመመለስ ስንት እንደሚያስከፍሉና ሁለታችሁም መንዳት ትችሉ እንደሆነ ሳትፈርሙ ጠይቁ። ኦክላሆማ ሲቲን ካለፋችሁ በኋላ ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ቅዱ፣ ውኃ ይኑራችሁ።

እነዚህ ቦታዎች የቆዩት ሰው ስለቆመባቸው ነው። ፎቶ ብቻ አንሥታችሁ አትሂዱ፤ ቡናም ቢሆን፣ ፖስትካርድም ቢሆን ግዙ። ቱከምካሪና ሆልብሩክ ያሉት ሁለቱ ሞቴሎች ክፍላቸው ጥቂት ነውና አስቀድማችሁ እነሱን ያዙ፤ የቀሩትን ቀኖች በእነሱ ልክ አስተካክሉ።