የጥንቱን የሚያስፈራ ፊልም በአሮጌ ዴክ ለማየት

በራያ ቆላ፣ ከሮቢት እስከ ዋጃ፣ ከአልጋ ስር በፌስታል የተጠቀለለ የቪዲዮ ካሴት ማግኘት አይከብድም። አብዛኛው ሠርግና የህንድ ፊልም ነው። አልፎ አልፎ ግን ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ጥግ ያስገባው የሚያስፈራ ፊልም ይገኝበታል። እንደ «ኖስፌራቱ» ያሉት የጥንት ድምፅ አልባ ፊልሞች አሜሪካ ውስጥ ባለመብት ስላልነበራቸው ያሻው ሁሉ እያባዛ በርካሽ ይሸጣቸው ነበር፤ ከሌላ ካሴት ጋር ተደባልቀው ቢመጡ አይገርምም። ችግሩ ዴኩም ካሴቱም በዚህ ሙቀትና አቧራ ውስጥ ስንት ዓመት ከርመዋል። ዝም ብሎ ከቶ «ፕሌይ» መጫን ፊልሙን ማሳኘክ ነው።

መጀመሪያ ካሴቱ የየት አገር እንደሆነ ይታያል። ጠርዙ ላይ «ኢ-180» ከተጻፈበት የኛው ዓይነት፣ ፓል ነው። «ቲ-120» ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ ነው፤ እዚያ ኤንቲኤስሲ በሚባለው ነው የሚቀዳው። ፓል ብቻ በሚያጫውት ዴክ ላይ የአሜሪካ ካሴት ሲገባ ምስሉ ይዘላል፣ ይንሸራተታል፤ ሰውም ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። አትጣለው። ከጂዳ ወይም ከሪያድ የመጣ ዴክ ጎረቤት ጠይቅ፤ ፓልና ኤንቲኤስሲ ሁለቱም ከተጻፉበት ጉዳይህ አለቀ። ከአሜሪካ ራሱ የመጣ ዴክ ግን 110 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት ጀርባውን አንብብ።

ቀጥሎ ካሴቱን በመስኮቱ በኩል እየው። በተጠቀለለው ፊልም ጠርዝ ላይ እንደ ዱቄት የነጣ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ወደ ዴኩ አይገባም። ዴኩን በክሎ ከሱ በኋላ የሚገቡትን ሁሉ ያዳርሳል። ንጹሕ ከሆነ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ ይጠነጠናል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ሄዱ። ምስሉ ላይ በረዶ የሚዘንብ ከመሰለ፣ ድምፁ ደህና ሆኖ ምስሉ ከጠፋ፣ ካሴቱን አትርገም፤ ሄዱ ቆሽሿል። ዴኩን ከሶኬት ነቅለህ የላይኛውን ክዳን ስትከፍት መሀል ላይ ትንሽ ዘንበል ብሎ የቆመ የሚያብረቀርቅ ክብ ብረት ታያለህ። ድራሙ ነው። ፓል ካሴት ሲያጫውት በሰከንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል። ዙሪያውን ቀስ ብለህ ስታዞረው ጠርዙ ላይ ከጥፍር ጫፍ ያነሱ ቀዳዳዎች፣ በየቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ብቅ ያለች ጥቁር ነቁጥ ታገኛለህ። ሄድ የምንለው እሷን ነው። ምስሉን የምታነበው እሷ ናት፤ ስትሰበርም እንደ ብርጭቆ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያጠፋው እዚህ ነው። ጥጥ በእንጨት ጠቅልሎ፣ አልኮል ነክሮ፣ ጥርስ እንደሚቦርሽ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ይፈትጋል። ጥጡ ክሩን እዚያው ይተዋል፤ ክሩ ነቁጧን ይይዝና ይነቅላታል። ከዚያ በኋላ ያ ዴክ የሰዓት መቁጠሪያ ነው። አዲስ ልግዛ ብትል ደግሞ ዓለም ላይ የቀረው የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ነጭ ያልተጻፈበት ወረቀት በጣት ስፋት ቁረጥ። ከፋርማሲ የገዛኸውን አልኮል፣ 96 ከመቶ የሚለውን እንጂ ውሃ የበዛበትን 70 ሳይሆን፣ ወረቀቱ እስኪርስ ንከረው። ወረቀቱን በግራ እጅህ ጣት ድራሙ ላይ አስደግፈህ ያዘው፤ አትጫነው፣ አታንቀሳቅሰው። የሚንቀሳቀሰው ድራሙ ነው። በቀኝ እጅህ አናቱን ይዘህ በዝግታ አዙረው። ወረቀቱ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር ይቀራል፤ አዲስ ወረቀት ቀይር፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገም። ወደ ላይና ወደ ታች አንድም ጊዜ! እጅህ ሊለምድ ይፈልጋል፤ አደራህን አትፍቀድለት። ፊልሙ የሚያልፍባቸውን ጎማና ብረቶች ግን እንደፈለግህ ጥረጋቸው፣ እነሱ ቻዮች ናቸው።

ከዚያ ቡና አፍልተህ ጠጣ። አልኮሉ ሳይደርቅ ካሴት ከገባ ፊልሙ ድራሙ ላይ ይጣበቃል፤ ሞተሩ ሲጎትት ይቆረጣል። ከደረቀ በኋላም መጀመሪያ የሚገባው ቢበላም የማያሳዝንህ ካሴት ይሁን። ለነገሩ ሄዱ ከጸዳ አይቀር፣ ወደ ኮምፒውተር ቀድሞ መገልበጥ ያለበት የእናትና የአባትህ ሠርግ ነው፤ «ኖስፌራቱ» በኢንተርኔት በነጻ ሞልቷል።

ማየቱ ማታ ነው። ቀን በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ዴኩም ሰውም ይግላል፤ ደግሞ በየስንጥቁ በሚገባ ብርሃን ማንም አይፈራም። ካሴቱ ውስጥ እያለ መብራት ቢጠፋ በጣትህ ጎትተህ ለማውጣት አትሞክር። ፊልሙ ድራሙን ዞሮ ተጠምጥሟል። መብራቱ ሲመለስ ራሱ እንዲተፋው ጠብቅ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታሳይበት ምሽት «ኖስፌራቱን» እመርጣለሁ። ሙርናው የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው፣ ከ«ድራኩላ» መጽሐፍ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ፊልም ነው። የደራሲው ሚስት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1925 ቅጂዎቹ እንዲጠፉ አዘዘ። አስቀድሞ ወደ ሌላ አገር የወጡት ቅጂዎች ናቸው ያተረፉት። ይህን ሳታስጀምር ተናገር፤ የተፈረደበት ፊልም መሆኑን የሰማ ልጅ ዓይኑን አይነቅልም።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠንቅቅ። ሌሊት የሚባሉት ትዕይንቶች የተቀረጹት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ በዚያን ዘመን ፊልሙን ሰማያዊ ቀለም ነክረው ሌሊት ያስመስሉት ነበር። ርካሹ ካሴት ላይ ያ ሰማያዊ ጠፍቷል። ስለዚህ ፀሐይ የሚገድለው ቫምፓየር ሬሳ ሣጥኑን ታቅፎ በቀን ብርሃን ከተማውን ሲያቋርጥ ታየዋለህ! «ሌሊት ነው» ብለህ ካልነገርክ ቤቱ በሳቅ ያልቃል። ሰዎቹ እየሮጡ የሚሄዱ ከመሰለህም ጥፋቱ የዴኩ አይደለም። ያኔ ካሜራው በእጅ ይዞር ነበር፤ በዝግታ የተቀረጸው ፊልም በዛሬው ፍጥነት ሲገለበጥ ይጣደፋል። የታደሰው ቅጂ 94 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ያንተው አንድ ሰዓት እንዳለፈ ካለቀ ወይ ተጣድፏል ወይ ተቆርጧል።

ድምፁን እኔ እዘጋዋለሁ፤ ካሴቶቹ ላይ የለጠፉት ኦርጋን ያሰለቻል። በስልክ ዋሽንት ክፈት። በገና ይስማማዋል የሚሉ አሉ፣ እውነትም ድምፁ ያስፈራል፤ ግን የጸሎት መሣሪያ ለቫምፓየር ማጀብ አይዋጥልኝም። በመሀል የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጎበዝ ተማሪ ጮክ ብሎ በአማርኛ ይንገር፤ ቪዲዮ ቤት ትርጉም ፊልም ያየ ሰው ይህን ለምዶታል። አያት ካሉ ምን እንደሚመጣ አስቀድመህ ሹክ በላቸው። አዲስ አበባ ላይ የጥንቱን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ ያኔ ደግሞ የሚታየው እንዲህ የሚያስፈራ እንኳ አልነበረም።

ሲያልቅ ካሴቱን እስከ መጀመሪያው አጠንጥነህ አውጣ። በቁሙ፣ በማኅደሩ፣ ከቆርቆሮው ርቆ ይቀመጥ። ስፒከር ላይ ግን አታስቀምጠው፤ ውስጡ ያለው ማግኔት ፊልሙን ያጠፋዋል።