እረፍት ስትሄጂ ውሻውን ለማን ትተይዋለሽ?

የዛሬው ትምህርታችን ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን የስንቱን ቤት ሰላም እንደሚያናጋ የደረሰበት ያውቀዋል። እዚህ ቤይሩት ውሻ ወይም ድመት ያለበት ቤት የምንሠራ ብዙ ነን። አገር ቤት ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ የተረፈውን በልቶ በር ላይ ያድራል። የዚህኛው ሶፋ ላይ ይተኛል፣ ሐኪም አለው፣ የክትባት ደብተር አለው። ፓስፖርት ያለውም አለ፤ የእኛ ፓስፖርት ማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ሳለ!

እንግዲህ እረፍት ወጥተሽ አገርሽ ልትገቢ ስትይ ማዳም «እኛም እንጓዛለን፣ ከጓደኞችሽ የምታምኛትን ፈልጊልኝ» ትላለች። ስም ሰጠሽ ማለት ዋስ ሆንሽ ማለት ነው። ዕቃ ቢጠፋ፣ ውሻው ቢታመም መጀመሪያ የሚደወለው ለአንቺ ነው። ስለዚህ «አብሮ አደጌ ናት» አይበቃም።

ከሁሉ በፊት የልጅቷን ወረቀት አስቢ። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ኢቃማ በአንድ አሠሪ ስም የታሰረ ነው። ሌላ ቤት ስትሠራ ብትያዝ እስርም ወደ አገር መባረርም ሊመጣባት ይችላል፤ «ሁለት ሳምንት ብቻ ነው» ብትል የሚሰማት የለም። የራሷ ማዳም በቃል ብትፈቅድላትም መንገድ ላይ ለሚይዛት ፖሊስ ያ ወረቀት አይሆንም። ይህን ለማዳምሽ በግልጽ ንገሪያት። እንስሳ በክፍያ የሚያሳድሩ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፤ ዘመድም ጎረቤትም አላት። ሰው ማግኘት ያንቺ ግዴታ አይደለም።

ወረቀቷ የማያሰጋት ልጅ ከተገኘች ደግሞ ፈትኛት። «አልፈራም» ማለቱንማ ሁሉም ይላል። ማዳምን አስፈቅደሽ እሑድ ቤት አምጫትና ከውሻው ጋር ተመልከቻት። ሲጮህ ትሮጣለች? ዞር ስትይ በእግሯ ትገፋዋለች? ወይስ ዝም ብላ ቆማ እስኪያሸታት ትጠብቃለች? እኔ ከሁሉ የማየው ጥያቄዋን ነው። ስንት ጊዜ ይበላል፣ ምን ያስደነግጠዋል፣ ሐኪሙ የት ነው የምትል ልጅ ትሻላለች። «ውሻ ውሻ ነው፣ ምን አለው» ያለችሽን ተያት።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አንቺ ጠይቂያት፦ «ቢያመልጥሽ ምን ታደርጊያለሽ?» «እስኪመሽ ፈልጌ፣ ካጣሁት ለማዳም እናገራለሁ» ካለችሽ አስቢበት። በዚያው ደቂቃ የምትደውል ናት የምትፈለገው። መደበቅ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከጩኸት ፍርሃት ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ማዳም ራሷ «ምንም ቢሆን ደውይልኝ፣ አልቆጣሽም» ብላ ፊት ለፊት ትንገራት።

ከዚያ አስተምሪያት። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛሉ። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ደግሞ የት አለ? ከድስታችን ምንም አይቅመስ። ድመት አሟታል ተብሎ ፓናዶል እንዳይሰጣት፣ አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ለነገ አይባልም፣ ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይወሰድ። ልጅቷ እርጉዝ ከሆነች የድመት አሸዋ አትጥረግ፤ ከኩሱ የሚመጣ በሽታ ፅንሱን ይጎዳል። በበጋ ውሻው በጠዋትና በማታ ይውጣ። ቀን ከሆነ የእጇን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ታስቀምጥ፤ እሷን ካቃጠላት የእሱንም እግር ያቃጥላል።

ከነከሳት ወይም ከቧጨራት ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ትጠብና በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ መተው የለም። የውሻውን የክትባት ደብተር ሳትሄጂ አሳያት።

ቁልፉስ? እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ጦርነቱ ሲበረታ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ፣ ቤት የተቆለፈባቸውም እህቶች ነበሩ። ስለዚህ የበሩ ቁልፍ በራሷ እጅ ይሁን። ከውጭ ሊቆለፍባት ከሆነ ስሟን አትስጪ። ከተማው ውስጥ ችግር ቢነሳ እሷንም ውሻውንም የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ ስልኩም ጭምር፣ በወረቀት ተጽፎ ፍሪጁ ላይ ይለጠፍ። ለሐኪም የሚሆን ገንዘብም ተለይቶ ይቀመጥላት። የእሷ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ በዶላር ይሁን በሊራ፣ መቼ እንደሚሰጣት፣ ሻንጣሽን ሳታነሺ ሦስታችሁም ባላችሁበት ይነገር።