«ቶናሪ»፦ አንድ የጃፓንኛ የቦታ ቃል አጥንቶ ለመናገር

ጃፓንኛ ጀማሪዎች የቦታ ቃላትን በዝርዝር ይሸመድዳሉ፦ ኡኤ ላይ፣ ሺታ ታች፣ ማኤ ፊት፣ ኡሺሮ ኋላ። መንገድ የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ ግን ዝርዝሩ አፋቸውን አይፈታም። አንዱን ቃል ከነአረፍተ ነገሩ ማጥናት ይበልጣል፤ የቀሩት በዚያው ቅርጽ ይገባሉ። ጀማሪን ብዙ ጊዜ በሚያሳስተው በ«ቶናሪ» እንጀምር።

1. ድምፁን ይያዙ። ቶ፣ ና፣ ሪ፤ ሦስቱንም በእኩል ርዝመት ይበሉ። በ«ቶ» ዝቅ ብለው ይነሱና «ናሪ»ን ከፍ ያድርጉ። በሂራጋናም ሦስት ፊደል ነው፤ እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል። ባለ 16 ጭረቱን የካንጂ አጻጻፍ ለኋላ ያቆዩት።

2. የት እንደሚውል ይለዩ። ቶናሪ የሚባለው ጎን ለጎን ያሉት ነገሮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው፦ ሰው ከሰው፣ ቤት ከቤት፣ ወንበር ከወንበር። ጠረጴዛ አጠገብ ለተቀመጠ ቦርሳ «ዮኮ» ይበሉ፤ ዮኮ ዓይነት ሳይመርጥ ግራና ቀኝ ጎንን ያመለክታል።

3. አረፍተ ነገሩን ይሥሩ። «ጊንኮኦ ኖ ቶናሪ ኒ ዩኡቢንክዮኩ ጋ አሪማስ»፤ ከባንኩ ጎን ፖስታ ቤት አለ። በአማርኛም ባንኩ ይቀድማል፣ ጎን ይከተላል፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዳለ ይውሰዱት። «ኖ» የእኛን «የ» ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ ከስሙ በኋላ መምጣቱ ነው። «ኒ» ነገሩ ያለበትን ቦታ ያመለክታል።

4. ግሡን ይምረጡ። እኛ ለሰውም ለዕቃም «አለ» እንላለን። በጃፓንኛ ለሰውና ለእንስሳ «ኢማስ»፣ ለዕቃ፣ ለሕንፃና ለተክል «አሪማስ» ነው። ከባንኩ አጠገብ ያለው ፖስታ ቤት አሪማስ ይፈልጋል፤ ከእርስዎ አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ ኢማስ።

5. ቦታ ያቀያይሩ። «ጊንኮኦ ኖ ቶናሪ» የባንኩ ጎን ነው፤ «ቶናሪ ኖ ጊንኮኦ» ግን ጎን ያለው ባንክ። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የሃያኦ ሚያዛኪ የአኒሜሽን ፊልም በጃፓንኛ «ቶናሪ ኖ ቶቶሮ» ይባላል፤ የጎረቤቱ ቶቶሮ ማለት ነው። ርዕሱን ካስታወሱ ሁለተኛው ቅርጽ አይጠፋዎትም።

6. በጥያቄና መልስ ይለማመዱ። «ዩኡቢንክዮኩ ዋ ዶኮ ደስ ካ?» ብለው ፖስታ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቁ፤ «ጊንኮኦ ኖ ቶናሪ ደስ» ብለው ይመልሱ። ከዚያ የሚኖሩበትን መንገድ ያስቡና ጎን ለጎን ስላሉት ሕንፃዎች አምስት አረፍተ ነገር ጮክ ብለው ይናገሩ። በማግስቱ ጽሑፉን ሳያዩ ይድገሙት።

7. ቃሉን ይተኩ። አረፍተ ነገሩን ሳይነኩ በቶናሪ ፋንታ ማኤን፣ ቀጥሎ ኡሺሮን ያስገቡ፦ «ጊንኮኦ ኖ ማኤ ኒ» ከባንኩ ፊት ለፊት፣ «ጊንኮኦ ኖ ኡሺሮ ኒ» ከባንኩ ጀርባ። ሳያመነቱ መተካት ሲችሉ ወደ ሚጊና ሂዳሪ፣ ወደ ቀኝና ግራ፣ ይለፉ።