ልጁ የሚያውቀው ፊደሉን ነው ወይስ ቦታውን?

ልጆች በፊደል ገበታ ላይ ሀ ሁ ሂን በዘንግ እየጠቆሙ እንደ ውኃ ሲያወርዱት ደስ ይለናል። አንዲቱን ፊደል ነጥለን «የት አለች?» ስንል ግን አንዳንዱ ከሀ ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም። ታዲያ ያ ሁሉ ፍጥነት ከምን መጣ?

ልምምድ ዓይንንና እጅን እንደሚያፈጥን የታወቀ ነው። ሞውብሬይና ሮድስ በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንድ ሰው 45,000 ያህል ጊዜ ከተለማመደ በኋላ፣ ከአራት መብራቶች የበራውን ለይቶ ቁልፉን መጫን ከሁለት የመለየትን ያህል ፈጥኖለታል። ይሁን እንጂ ልምምድ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ፊትስና ሲገር በ1953 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የመብራቶቹ አቀማመጥ እጅ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ካልገጠመ ምላሹ ይዘገያል፤ ስሕተቱም ይበዛል። ከረዥም ልምምድ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም።

አቀማመጥ ይህን ያህል ኃይል እንዳለው የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎችም ያውቁታል። ሀሁን የቆጠረውን ልጅ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። ተራው ይለወጣል፤ ቦታ የሸመደደው ይያዛል፣ ፊደል የለየው ያልፋል።

እኛስ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ገበታውን ሳንለዋውጥ ልጁን እናለማምደው። ሲፈጥን ፊደላቱን በካርቶን ቆርጠን እናደበላልቃቸው። ቢዘገይ አንቆጣው፤ መዘግየቱ የቀረንን ሥራ ነው የሚያሳየን። ይህን ሳናጣራ ወደ ንባብ ካሳለፍነው ግን፣ መጽሐፉን ሲገልጥ ያንን የለመደውን ረድፍ አያገኘውም።